ሃያ ሁለት ገጽ ሲቀራት

እህቴ የሺ ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ ደጄ ላይ ስትቆም መርዶ ይዛ የመጣች ነው የመሰለኝ። የጥር ውርጭ ነው፤ የግቢው ሣር ነጭ ሆኗል፤ በእንዲህ ያለ ብርድ ደብረ ታቦር ውስጥ ሰው ከአልጋው የሚወርደው ወይ ሊያስቀድስ ወይ ሊቀብር ነው። «ማን ሞተ?» አልኳት። «ማንም አልሞተም፣ ወንድምጋሼ፤ ይልቅ ዝም ብለው ይቀበሉኝ» አለችና ከነጠላዋ ሥር አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣች። ሽፋኑ ጥቁር ነው። ነጭ ቬሎ የለበሰች ልጅ እስከ ወገቧ ጥቁር ውኃ ውስጥ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሁለት ቀያይ ዐይኖች አሉ፤ ከዐይኖቹ በቀር የባለቤታቸው ሌላ አካል አይታይም። «በስመ አብ!» አልኩ፤ ሳላስበው አማተብኩ። «እኔም እንደሱ ነው ያልኩት» አለች የሺ። «ከትራሷ ሥር ነው የወሰድኩት፤ ሳትነቃ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንብበው ምን እንደሚል ይንገሩኝ።»

ነገሩን ላስረዳችሁ። ዝናሽ የየሺ አንድ ልጅ ናት። ኩዌት ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ መናኸሪያው አጠገብ የሙሽራ ልብስ ማከራያ ከፍታ ትሠራለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ሦስት ሽማግሌዎች፣ አቶ ሞገስ እየመሯቸው፣ ገሳይ ከተማ ላይ ድንችና ገብስ ለሚነግደው ለደሳለው ልጅቱን ሊጠይቁ መጡ። ደሳለው አርባ ዓመት ያልሞላው፣ አይሱዙ ያለው፣ መጠጥ የማይቀምስ ሰው ነው፤ እኔም ሰባት ቤት ቆጥሬ ከእኛ ጋር እንደማይዛመድ አረጋግጫለሁ። በእኛ ወገን ዘር መቁጠር ሲፈለግ የሚጠራው አያሌው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። የዝናሽ አባት ካረፈ ጀምሮ ቤቱን ወክዬ የምናገረውም እኔ ነኝ። አቶ ሞገስ ያን ዕለት ንግግራቸውን ሲጨርሱ «እንግዲህ ኑሮዋ ገሳይ ስለሚሆን ሱቁን ለደሳለው ታናሽ እህት ታስረክባለች» አሉ፤ ስለ አንድ በግ የሚያወሩ ያህል ቀለል አድርገው። እኔም ቀለል አድርጌ «እሱ ችግር የለውም» አልኩ። ለመልሱም ለዚሁ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ቀጠርናቸው። ዝናሽ ከመጋረጃው ጀርባ ብርጭቆ ታጥብ ነበር፤ የብርጭቆው ድምፅ ቀጥ ሲል ሰምቻለሁ። ሰምቼ ወሬዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ከረመች። ሐሙስ ዕለት እናቷ ጨንቋት «ምን ልትዪ ነው? ሰዎቹ እኮ ሊመጡ ነው» ብትላት «እማ፣ ይቺን መጽሐፍ ሳልጨርስ መልስ የለኝም» አለቻት። በቃ፣ ይኸው ነው። የሺ ሁለት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ቆየችና መልሱ መጽሐፉ ውስጥ አለ ብላ ደመደመች። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ በግብርና ቢሮ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ስንት ሪፖርት ያነበብኩ ሰው አንድ ልብ ወለድ አያቅተኝም። «ልብ ወለድ እኮ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ምን ያስጨንቅሻል?» ብላት «የሰው ጥላ የሚበላ አለበት አሉ፤ የጎረቤት ልጅ ናት የነገረችኝ» አለችና ዐይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ የእህቴን እንባ አልችልም። ተቀበልኳት።

ባለቤቴ ለዘመድ ሠርግ ጉና ተራራ ሥር ወዳለው አገሯ ሄዳ ስለነበር ቤቱ ቀዝቅዟል። ጋቢዬን ደርቤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩና መነጽሬን አጠለቅኩ። «የጥቁር ውኃ ሙሽራ» ይላል ርእሱ፤ ሁለት መቶ ዘጠና ገጽ፤ ዋጋው አራት መቶ ሰማንያ ብር። በዚህ ብር ሃያ ኪሎ ድንች ይገዛል። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ፀሐይ ወጥታበት የማታውቅ፣ ዙሪያውን ጥቁር ሐይቅ የከበበው አገር አለ። እዚያ ዶርሐን የሚባል ልዑል ይኖራል፤ ምግቡ የሰው ጥላ ነው። ጥላው የተበላበት ሰው አይሞትም፤ ስሙን ረስቶ፣ ዐይኑ ፈዝዞ፣ ለልዑሉ ሲያገለግል ይኖራል እንጂ። ከሐይቁ ማዶ ያሉት የብርሃን አገር ሰዎች ታዲያ ልዑሉ ወደ እነሱ እንዳይሻገር በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ ሙሽራ አድርገው ይልኩለታል። በዚህ ዓመት ዕጣው የደረሳት ሐመልማል ናት፤ የጀልባ ቀዛፊ ልጅ። እስከ ገጽ ሠላሳ ያነበብኩት በንዴት ነው። ፀሐይ በማይወጣበት አገር ምን ይበቅላል? ልዑሉስ ጥላ ይብላ፤ ሁለት መቶ አሽከር አለው፣ የፈረስ መዓት አለው፤ ፈረሱ ምን ይበላል? ገብስ ያለ ፀሐይ አያሽትም። ድንች እንኳ፣ ያ መከረኛ ድንች፣ ጨለማ ውስጥ የሚያወጣው ነጭ ክር የመሰለ ቡቃያ ነው፤ ለዘር እንጂ ለሆድ አይሆንም። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አይቼ አላልፍም፤ እርሳሴን አውጥቼ ኅዳጉ ላይ «ማን ያርሳል?» ብዬ ጻፍኩ። የሰው መጽሐፍ መሆኑ ትዝ ሲለኝ በላጲስ አጠፋሁት፤ ግን ምልክቱ አልጠፋም።

ሦስት ሰዓት ላይ ብርዱ አላስቀምጥ ሲለኝ መጽሐፉን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ያ ሽፋን ለዐይን እንዳይታይ፣ ወደ ትዕግሥት ሻይ ቤት ወረድኩ። በረንዳዋ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይመታዋል። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በአህያና በባጃጅ ተጨናንቋል፤ ሠርገኛ መኪናዎች ደግሞ ከአሁኑ ጥሩምባቸውን ጀምረዋል። ሻይ አሥራ አምስት ብር ገብቷል፤ ስኳሩም ቀንሷል፤ ግን የማጉረምርምበት ጊዜ አልነበረኝም። አንድ የማውቀው ሰው «ምን እያነበብክ ነው?» ሲለኝ «አዲሱ የመሬት አዋጅ ነው» አልኩት። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

አሁን እውነቱን ልናገር። ገጽ ሰማንያ ላይ ስደርስ ማረሱንም ፈረሱንም ረሳሁት። ልዑሉ ሐመልማልን ማየት ይፈልጋል፤ አገሩ ግን ጨለማ ነው። ሊያያት ከፈለገ ሻማ ማብራት አለበት፤ ሻማው ደግሞ ገላውን ያቃጥለዋል። ሲያበራ ደግሞ የልጅቱ ጥላ ግድግዳው ላይ ያርፍና ያን ጊዜ ረኃቡ ይነሣል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ በየቀኑ እጁ እየተላጠ ሻማ ያበራል፣ ምራቁን እየዋጠ ጥላዋን ይሸሻል። እኔ ሚስቴን ካገባሁ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ ሻማውን ፈልጋ የምታበራው እሷ ናት። ይህን ሳስብ ትንሽ አፈርኩ። ገጽ መቶ አርባ ላይ ሰባት ቀን ጦሙን የዋለው ልዑል ሐመልማል ተኝታ ሳለ ግድግዳው ጋ ተጠጋ፤ አፉን ከፈተ። «አትብላ!» ብዬ ጮኽኩ። አጠገቤ የተቀመጠው የሚኒባስ ሾፌር ፓስቲውን አፉ ላይ አድርሶ ቀረ። «ምነው ጋሼ፣ ምን አይተውበት ነው?» አለኝና ፓስቲውን ማገላበጥ ጀመረ። ትዕግሥት ከውስጥ እንደ ነብር ዘላ ወጣች። «ምን አለበት? ዛሬ ጠዋት በገዛ እጄ የጠበስኩት ነው! እኔን ማስጠላትዎ ነው?» አለችኝ። ዕርቅ ለማውረድ ሁለት ፓስቲ አዝዤ እያየችኝ በላሁ።

ከዚያ ነው ያ የቆየ አመሌ የተነሣብኝ። ገጽ ሁለት መቶ አሥር ላይ የልዑሉ ሞግዚት የዘር ሐረጉን ትናገራለች። የዶርሐን ቅድመ አያት ንግሥት ጽላሎት ናት፤ ንግሥቲቱ ወለተ ብርሃን የምትባል እኅት ነበረቻት፤ ይቺ እኅቷ ሐይቁን ተሻግራ ጠፍታ ለአንድ ቀዛፊ ተዳረች። ወይ ጉድ! ወደ ኋላ ገለጥኩ፤ ገጽ ሃያ ላይ የሐመልማል አባት «ቅድመ አያቴ ከጨለማ የመጣች ነበረች» ብሏል። በጋዜጣው ኅዳግ ላይ መስመር እያሰመርኩ ቆጠርኩት፤ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። በአራተኛና በአምስተኛ ቤት ይገናኛሉ! ዘመዳሞች ናቸው! እዚያ ሁሉ ጥንቆላና ጭራቅ ያለበት ቤተ መንግሥት ውስጥ አንድ ዘር የሚቆጥር ሽማግሌ ይጠፋል? ተናደድኩም፣ ደስም አለኝ። መላው እጄ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ይህንን ለዝናሽ ብነግራት መጽሐፉ ይረክስባታል፤ መጽሐፉ ከረከሰባት ትጥለዋለች፤ ከጣለችው አሥር ሰዓት ላይ መልሱን ትሰጣለች፤ እኔም ቃሌ ይጸናል። ብልኅነቴን ራሴ አደነቅኩት።

ዝናሽ ያነበበችው እስከ ገጽ ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት ነው፤ ጫፉን አጥፋዋለች። እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። ማን ይቆማል? የመጨረሻዎቹን ሃያ ሁለት ገጾች ሻይዬ ቀዝቅዞ፣ መነጽሬ ጉም ለብሶ ነው የጨረስኳቸው። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ በኋላ ዝናሽ ራሷ አስምላኛለች። ብቻ ስጨርስ ትዕግሥት መጥታ «ጋሼ፣ የመሬት አዋጁ ይህን ያህል ያስለቅሳል እንዴ?» አለችኝ። «ፀሐዩ ዐይኔን መትቶኝ ነው» አልኳትና ሒሳቤን ከፍዬ ተነሣሁ።

የዝናሽ ሱቅ አራት በአምስት የሆነች ክፍል ናት። ግድግዳው ዙሪያውን ቬሎ ተሰቅሎበታል፤ በላስቲክ የተሸፈነው በቀን አራት ሺህ፣ ያልተሸፈነው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ይከራያል፤ ጓንቱና አክሊሉ በነፃ። ጥግ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ትልቅ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር ደግሞ የተሰበረ ተረከዝ የሚጠገንበት ማስቲሽ አለ። ስምንት ሰዓት ላይ ስገባ የነገ ሙሽራ መሐል ቆማለች፤ ሦስት ሚዜዎች ዙሪያዋን ይሳሳቃሉ፤ ዝናሽ ደግሞ መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛ ተንበርክካ የልብሱን ወገብ ታጠብባለች። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ዐይኗ ከፊቴ ወርዶ ክንዴ ሥር ያለው ጋዜጣ ላይ አረፈ። አንድ ቃል አልተናገረችም። የመጨረሻውን መርፌ ቁልፍ ሰካች፤ ሙሽራዋን አዙራ አየቻት፤ «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት መጥተሽ ውሰጂ» ብላ ሸኘቻቸው። እስኪወጡ ድረስ የቆምኩት ከሁለት ቬሎ መሐል ነው፤ ወዲህ ብል ዳንቴል፣ ወዲያ ብል ዳንቴል።

«እርስዎ ነዎት የወሰዱት?» አለችኝ። «እናትሽ ናት፤ እኔ የተቀበልኩት ነኝ» አልኩ፤ ጥፋቱን ለታናሽ እህቴ ማሸከሜ ለራሴም ደስ አላለኝም። ጠዋት አልጋውን ገልብጣ ስትፈልግ እንደነበር ነገረችኝ። ወንበር ስባ ሰጠችኝና ራሷ ሳጥን ላይ ተቀመጠች።  እኔና እሷ ሁለታችን ብቻ ስንቀመጥ ሁልጊዜ ወሬ ያልቅብናል፤ ከመጣች ጀምሮ ስለ ኩዌት ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም ነግራኝ አታውቅም። ጋዜጣውን ዘረጋሁና የሠራሁትን የዘር ሐረግ አሳየኋት። «ይኸው፣ ጽላሎት፤ ይኸው፣ እኅቷ። ይህ ያንቺ ልዑል የልጅቱ ዘመድ ነው። እኛ አገር ቢሆን ቄሱም አያጋቧቸውም!» ዝናሽ ጋዜጣውን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት ከመጣች የመጀመሪያዬ ነው። «ጋሼ ይሙት፣ ጭራቁን ዘር ቆጠሩለት?» አለች፤ እንባዋ እስኪወርድ። እኔም ሳልፈልግ ሳቅኩ።

ሳቋ ቀስ እያለ በረደ። «ለደሳለውም እንዲሁ ቆጥረዋል አይደል?» አለችኝ። «እንዴታ! ሰባት ቤት ድረስ ነዋ።» ጋዜጣውን ጭኗ ላይ አጠፈችው። «የቆጠሯቸው ሰዎች ሁሉ ሞተዋል፣ ጋሼ። አንዳቸውም ገሳይ ሄደው አይኖሩም። ሄጄ የምኖረው እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ የጠየቀኝ የለም። ይህን ሱቅ በምን እንደከፈትኩት ያውቃሉ?» አላውቅም።   ቀጠለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በኩዌቱ ደመወዜ ነው። እዚያ ስድስት ዓመት አንድ ነገር ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። ምሳ ስጀምር የቤቱ እመቤት ትጠራኛለች። ጸሎት ስጀምር ትጠራኛለች። አባባ የሞተ ዕለት እንኳ ለቅሶ ጀምሬ ጠራችኝ፤ እንባዬን ጠርጌ ልብስ ተኮስኩ። መልሱ መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ጋሼ፤ እማ ናት እንዲያ ያሰበችው። ሳልጨርስ አልመልስም ያልኩት አንድ ጊዜ እንኳ፣ አንድ ጊዜ፣ እስክጨርስ ድረስ ሰው እንዲጠብቀኝ ብዬ ነው።» አንጀቴን በላችው። ወንድ ልጅ ነኝ ብዬ ኮራ ኮራ የምል ሰውዬ የቬሎ ጫፍ በጣቴ እያሻሸሁ ቀረሁ። መጽሐፉን ሰጠኋት። ተቀብላኝ ትንሽ ካሰበች በኋላ በጥርጣሬ አየችኝ። «መጨረሻውን አነበቡት እንዴ?» «አነበብኩት።» «ቢነግሩኝ ዕድሜ ልኬን አላናግርዎትም!» አለችና ሚካኤልን አስማለችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሺ ቤት ደረስኩ። ሳሎኑ ተወልውሏል፤ የሶፋው ዳንቴል ታጥቦ ተነጥፏል፤ ከጓዳው የዶሮ ወጥ ይሸታል። የሺ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣችና «እህሳ፣ ምን ይላል?» አለችኝ። «ስለ አንድ ልዑልና ስለ አንዲት ልጅ ነው።» «ሰውየው ጥሩ ነው መጥፎ?» «ሁለቱም ነው።» «መኪና አለው?» «ፈረስ አለው።» የሺ አዘነች፤ የባሰ ግራ ገባት። «ታዲያ ታገባለች ወይስ አታገባም?» ስትለኝ የእሷን ልጅ ትበል ሐመልማልን ትበል አላወቅኩም፤ ሁለቱንም ቢሆን መናገር አልችልም። «የሺ፣ ልጅሽ ትነግርሻለች» ብዬ ተቀመጥኩ። ተቆጥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ የድስት ክዳን ሲወረወር ሰማሁ።

አሥር ሰዓት ሲል ሽማግሌዎቹ ደረሱ። አቶ ሞገስ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ከፊት፤ ሁለቱ ከኋላ። «ቤቶች!» «ደጅ አትቁሙ፣ ግቡ!» ገቡ። «ተቀመጡ» አልኳቸው። «ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ አቶ ሞገስ፤ እንደ ደንቡ። በእኛ አገር መልስ ሳይሰማ የተቀመጠ ሽማግሌ የላከውን ሰው ያዋረደ ነው። በዚህ መሐል የባጃጅ ድምፅ ተሰማና ዝናሽ ገባች፤ እጇ ላይ ነጭ ክር ተጣብቋል፤ መጽሐፉን በጋዜጣ ሳትሸፍን፣ ቀያዮቹ ዐይኖች እንደፈጠጡ ይዛዋለች። ዝቅ ብላ ሦስቱንም ሰላም አለች። ከዚያ «አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሃያ ሁለት ገጽ ቀርቶኛል። ስጨርስ መልሴን እነግራችኋለሁ» አለችና መስኮቱ ሥር ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ ጫፉ የታጠፈውን ገጽ ገለጠች።

የሺ በቁሟ ደረቀች። አንደኛው ሽማግሌ «ምን አለች?» አለ። አቶ ሞገስ ወደ እኔ ዞሩ፤ ቤቱን የምወክለው እኔ ነኛ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። «ሃያ ሁለት ገጽ ቀርቷታል ነው የምትለው። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃታል።» ምናልባት ተቆጥተው ይወጣሉ ብዬ ነበር፤ ግን የሰው ጉዳይ ይዘው መልስ ሳይሰሙ መውጣትም ነውር ነው። መቀመጥ አይቻልም፤ መሄድም አይቻልም። ስለዚህ ቆሙ። ሰባ ዓመት የሚጠጉ ሦስት ሰዎች ሳሎን መሐል በጋቢያቸው እንደቆሙ ሴት ልጅ አንብባ እስክትጨርስ ጠበቁ። የሚሰማው የገጽ ድምፅ ብቻ ነው። ስድስት ገጽ እንዳለፈ አንደኛው ግድግዳውን ተደገፈ። አሥር ገጽ ላይ ሁለተኛው የጉልበቱን ሕመም ማማረር ጀመረ። የዶሮው ሽታ ከጓዳ እየመጣ ሁሉም ምራቃቸውን ሲውጡ ይታየኛል። አቶ ሞገስ በከዘራቸው ተደግፈው ቀስ ብለው የሶፋው መደገፊያ ጫፍ ላይ ዐረፍ አሉና ሳያቸው «አልተቀመጥኩም፤ እግሬን ላሳርፍ ነው» አሉኝ። ዝናሽን ውኃ አምጪ ያላት የለም። የሺ አፏን ልትከፍት ስትል በዐይኔ ገሠጽኳት፤ ተነሥቼ የቀዳሁላቸው እኔ ነኝ። በእህቴ ቤት ብርጭቆ የት እንደሚቀመጥ ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።

የት እንደደረሰች ከፊቷ አውቅ ነበር። ቅንድቧ ሲሰበሰብ ጀልባው ላይ ናት። ትንፋሿን ስትይዝ ሻማው ጋ ደርሳለች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ከንፈሯን ነከሰች፤ እንባዋ ዱብ አለ፤ አልጠረገችውም። ማንም አልጠራትም። እስኪበቃት ድረስ አለቀሰች፤ መጽሐፉን ዘጋችው፤ ከዚያ ተነሣች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠበቃችሁኝ» አለች። «ባለፈው የጠየቃችሁት ጋሼን ነበር። አሁን እኔን ጠይቁኝ።» አቶ ሞገስ በሽምግልና ሠላሳ ዓመት ዞረዋል፤ ለወንድም፣ ለአባት፣ ለአጎት እንዴት እንደሚባል ያውቃሉ፤ ለልጅቱ ለራሷ እንዴት እንደሚባል ግን ቃሉ ጠፋባቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ልጄ… ደሳለውን… ታገቢው ዘንድ… ፈቃድሽ ነው ወይ?» «አይደለም፣ አባባ» አለች። «መጥፎ ሰው ነው አላልኩም። ሱቄን ግን አልዘጋም፤ ገሳይም አልሄድም፤ እሱንም አላገባም።»

የሺ «እኔን አፈር ያስበላኝ!» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አቶ ሞገስ ግን የሚያዩት እኔን ነው። «አያሌው፣ የቤቱ ቃል ያንተ ነው። ባለፈው ችግር የለውም ብለኸኛል፤ ይኸው ሰዎቹ ይመሰክራሉ። አሁን ምን ትላለህ?»  ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ከተማ ቃሉን አጠፈ ተብዬ አላውቅም። ዝናሽ አላየችኝም፤ የጣቷን ክር ትነቅላለች። «አቶ ሞገስ» አልኩ፣ «ያን ዕለት የሰጠሁዎት የራሴን አልነበረም፤ የእሷን ነው አንሥቼ የሰጠሁዎት። አጥፍቻለሁ። ይመልሱልኝ።»  ቃሌን አጠፍኩ፤ እፍረቱ ፊቴን አቃጠለው፤ ከእፍረቱ ሥር ግን ደስታ ነበር፤ አልደብቅም።

ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ወጡ፤ እምቢ በተባለ ቤት አይበላም። ሁለቱ እያጉረመረሙ ወደ መኪና መንገዱ ቀደሙ። አቶ ሞገስን እስከ አጥሩ በር ሸኘኋቸው። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ከዘራቸውን ድንጋዩ ላይ ተክለው ቆሙ። «አያሌው።» «አቤት።» «አራት ሴት ልጆቼን ድሬያለሁ።»  ባጃጅ አለፈ፤ አቧራው እስኪቀመጥ ጠበቁ። «አንዷንም እንዲያ ብዬ አልጠየቅኋትም።» እኔም ሁለት ድሬያለሁ። ከዘራቸውን አንሥተው ፊታቸውን ወደ ላይኛው ሰፈር መለሱ። ትልቋ ልጃቸው እዚያ እንደምትኖር አውቃለሁ። «ወዴት ነው፣ አቶ ሞገስ? ደሳለው እኮ ገሳይ ሆኖ መልስ ይጠብቃል» አልኳቸው።

«ይጠብቅ» አሉና ዳገቱን ተያያዙት።